ውስጥ እግርን ስለ ማሸት፤ ምን ይጠቅማል? ምንስ አይጠቅምም?

የፈተና ሰሞን ሲደርስ የተማሪው ወሬ ሁሉ ስለ ራስ ነው። ራሱን ያመመው፣ ዐይኑ የፈዘዘበት፣ እንቅልፍ አልወስደው ያለ ይበዛል። ስለ እግር የሚያነሣ ግን አይገኝም። እግር ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ ምግብ አዳራሽ ቀኑን ሙሉ ተሸክሞን ሲዞር ይውልና ማታ ከነካልሲው አልጋ ላይ እንጥለዋለን። ባለፈው ዓመት ግን በእኛ ዶርም እግር የመነጋገሪያ ርእስ ለመሆን በቃ። ለዚህች ጽሑፍ መነሻ የሆነኝም ይኸው ነው።

ከጓደኞቻችን አንዱ ለዕረፍት አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ አንድ ባለቀለም ወረቀት ይዞ መጣ። በወረቀቱ ላይ ሁለት ውስጥ እግሮች ተሥለዋል። እነርሱም እንደ አገር ካርታ በቀይና በቢጫ በአረንጓዴም ተከፋፍለው፣ አውራ ጣቱ ላይ «አንጎል»፣ ከጣቶቹ ሥር «ሳንባ»፣ ከመካከሉ «ጨጓራ» እና «ኩላሊት»፣ ወደ ተረከዙ ጠጋ ብሎም «አንጀት» የሚል ተጽፎባቸዋል። የታመመው የሰውነት ክፍል በካርታው ላይ ይፈለግና ቦታው በአውራ ጣት አጥብቆ ይጫናል፤ ሕመሙም ይለቃል ይላል ወረቀቱ። ለሐሳብ፣ ለፍርሃትና ለድብርት እንኳ የየራሳቸው ቦታ ተሰጥቷቸዋል። በዚያች ሌሊት በዶርማችን ያልተጫነ እግር አልነበረም። ራሱን ያመመው «ቀለለኝ» አለ፤ እንቅልፍ ያጣው ተኛ። ጥርሱን ያመመው ጓደኛችን ግን ጣቱ እስኪቀላ ድረስ ብንጫነው አንድ ስንኳ ለውጥ ስላላየ፣ በማግስቱ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄደ።

እኔ የቋንቋ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። ይሁን እንጂ ነገሩ ስላላስቻለኝ ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈውን ሁሉ እያደንሁ ለማንበብ ተነሣሣሁ። ያገኘሁትንም ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ አካፍላለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ካርታው ከየት መጣ? ብዙ ሰው «ከቻይና» ይላል፤ ይህ ግን ግማሽ እውነት ነው። ቻይናውያን በሰውነት ላይ የታወቁ ነጥቦችን በመርፌ ሲወጉ፣ በጣትም ሲጫኑ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ኖረዋል። ከነጥቦቹ አንዱ በውስጥ እግር ላይ ይገኛል፤ ስሙ «ዮንግቹዋን» ሲሆን የሚፈልቅ ምንጭ ማለት ነው። ውስጥ እግርን ለሳንባ፣ ለጨጓራና ለኩላሊት ያከፋፈለው ካርታ ግን የአሜሪካ ሥራ ነው። ዊልያም ፊትዝጀራልድ የተባለ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሰውነትን ከራስ እስከ እግር ጣት ቁልቁል በ10 ሰቅ ከፍሎ፣ ከአንዱ ሰቅ ጫፍ ላይ ቢጫኑ በዚያው ሰቅ ውስጥ ያለው ሕመም ይታገሣል የሚል ሐሳብ አመጣ፤ በ1917ም ከአንድ ጓደኛው ጋር መጽሐፍ አሳተመ። ከእርሱ በኋላ ዩኒስ ኢንግሃም የተባለች አሜሪካዊት ባለ እሽት ሐሳቡን ሰብስባ እግር ላይ አሳረፈችውና በ1938 የራሷን መጽሐፍ አወጣች። የዶርማችን ወረቀት የዚህች ሴት የልጅ ልጅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አንዳንዶች ደግሞ ጥበቡን ወደ ፈርዖኖች ዘመን ለመውሰድ ሲሉ በግብፅ በሰቃራ፣ በአንክማሆር መቃብር ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን እግርና እጅ የሚያሹ ሰዎች ሥዕል ያሳያሉ። ሥዕሉ አለ፤ ነገር ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው ሰዎቹ ጥፍር ያበጃሉ ወይስ ሕመምተኛ ያክማሉ በሚለው ላይ አልተስማሙም።

ጥንታዊ ነው ወይስ አዲስ የሚለው ዋናው ጥያቄ አይደለም፤ ዋናው ይሠራል ወይ የሚለው ነው። በ2000 በታተመ አንድ ጥናት ሁለት የታወቁ የእግር ካርታ ባለሙያዎች የሕመምተኞችን እግር ብቻ እየዳሰሱ ሕመማቸውን እንዲናገሩ ተደረገ። የሕመምተኞቹ ማንነት ተሰውሮባቸው ነበር። ባለሙያዎቹ ሕመሙን ለይተው ለማወቅ አልቻሉም፤ እርስ በርሳቸውም አልተስማሙ። ኤድዛርድ ኧርንስት የተባሉት ፕሮፌሰር በ2009 እና በ2011 የተደረጉትን ሙከራዎች ሁሉ ሰብስበው መርምረው፣ ይህ ዘዴ የትኛውንም በሽታ እንደሚያድን አሳማኝ ማስረጃ አለመኖሩን ጽፈዋል። የአውስትራልያ መንግሥት በ2015 ያስመረመረውም ከዚሁ የራቀ አልነበረም። በተለይ የሚያስገርመው፣ አንዱን ወገን በካርታው መሠረት፣ ሌላውን ወገን ግን ያለ ካርታ እንዲያው እግሩን ብቻ ሲያሹት ብዙ ጊዜ ሁለቱም እኩል ቀለለን ማለታቸው ነው። ለፍርድ እንዳላዳላ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቻይናውያኑ ከሚጫኗቸው ነጥቦች መካከል ከመዳፍ በታች በእጅ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለው ነጥብ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ እንደሚቀንስ ብዙ ሙከራዎች አሳይተዋል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ላይ «ከንቱ» ብሎ መጣልም ፈጣንነት ይሆናል።

እንግዲህ አንባቢ «ያለ ካርታም ቀለላቸው ካልህ፣ ያቀለላቸው ምንድን ነው?» ብሎ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። በእኔ ግምት ከካርታው ይልቅ የሚያስደንቀው ይኸኛው ነው።

አንድ እግር ብቻውን 26 አጥንቶችና 33 መገጣጠሚያዎች አሉት። በውስጥ እግር በኩል ጡንቻዎቹ በአራት ረድፍ ተደራርበዋል፤ ከእነርሱም በታች ከተረከዝ እስከ ጣቶች ሥር እንደ ገመድ የጠነከረ ሽፋን ተዘርግቷል። ጠዋት ከአልጋ ወርደን የመጀመሪያውን እርምጃ ስንረግጥ ተረከዛችንን የሚወጋን ብዙ ጊዜ ይህ ሽፋን ተቆጥቶ ነው። ሲያሹትና ሲለጥጡት ይላላል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ደም ከልብ ወደ እግር ለመውረድ አይቸገርም፤ ለመመለስ ግን ዳገት ነው። ዳገቱን የሚያወጣው የባት ጡንቻ ነው፤ በተራመድን ቁጥር ይጨመቅና ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከወንበር ሳይነሣ ሲያጠና የዋለ ተማሪ ማታ ጫማው የሚጠብበት ባቱ ሥራ ፈትቶ ስለ ዋለ ነው።

ሦስተኛው የስሜት ነገር ነው። ሕፃን ጉልበቱን ሲመታ እናቱ «እፍ» ብላ ታሸዋለች፤ ልጁም ዝም ይላል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በ1965 ባወጡት ጽሑፍ፣ የሕመም ስሜት ወደ አንጎል ሲጓዝ በአከርካሪ ውስጥ እንደ በር ባለ ነገር ያልፋል፣ የመነካትና የመታሸት ስሜት ሲበዛ በሩ ይጠባል፣ ሕመሙም ይቀንሳል ብለዋል። የሐሳባቸው ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ብዙ ታርሟል፤ ዋናው ነገር ግን አልፈረሰም። እናቶቻችን የበሩን ነገር ሳይሰሙ በሩን ሲዘጉ ኖረዋል ማለት ነው። በመጨረሻም አንድ ሰው ሥራውን ትቶ፣ ዝቅ ብሎ፣ ዐሥር ደቂቃ ሙሉ እግርህን ይዞ ሲቀመጥ ትንፋሽህ ይረጋል፤ ሐሳብህም ይሰክናል። ይህ መድኃኒት ባይባልም የፈተና ሰሞን ለሚጨነቅ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። በዚህ መጽሔት ላይ ሥዕል ማባዛት ስለማያመች በቃል እገልጻለሁ። በመጀመሪያ እግርን በሙቅ ውሃ ታጥቦ በተለይ በየጣቶቹ መካከል በደንብ ማድረቅ ነው። ከዚያም ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ጥቂት ጠብታ እጅ ላይ ያደርጓል፤ ብዙ ከሆነ እጅ ያንሸራትታል። የሚታሸው ሰው ይቀመጥና እግሩን በአሺው ጭን ላይ ያሳርፍ። ከተረከዙ ይጀመራል። ተረከዙን በመዳፍ ጨብጦ እንደ ሊጥ ማሸት፤ ቀጥሎ ሁለቱን አውራ ጣቶች ጎን ለጎን አድርጎ ከተረከዝ ወደ ጣቶቹ ሥር በዝግታ እየተጫኑ መሄድ፣ መካከለኛውን ጎድጓዳ ሦስት አራት ጊዜ መመላለስ። ጣቶቹ ሲታጠፉ ከውስጥ እግሩ አንድ ሦስተኛ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ብቅ ትላለች፤ ቻይናውያን «የሚፈልቅ ምንጭ» የሚሏት ይህች ናት። እስከ ሠላሳ እየቆጠሩ መጫን ደስ ያሰኛል፤ ኩላሊት ያድናል ብዬ ግን አልምልም። ከዚያ እያንዳንዱን ጣት ከሥሩ ይዞ በቀስታ መሳብ፤ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ቀኝም ወደ ግራም ማዞር፤ በመጨረሻም ባቱን ከታች ወደ ላይ፣ ወደ ጉልበት በመዳፍ መግፋት። ለአንድ እግር ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። መጠኑን የሚወስነው የሚታሸው ሰው ነው። «ያመኛል ግን ደስ ይላል» እስካለ ድረስ ልክ ነው፤ ፊቱን ካጨማደደ አልፏል። ብቻውን የሆነ ሰው ደግሞ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወለል ላይ አስተኝቶ በውስጥ እግሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢያንከባልለው ከሞላ ጎደል ያንኑ ያገኛል። እኔ ይህን ሁሉ ስጽፍ ጠርሙሱ ከጠረጴዛዬ ሥር ነው።

ነገር ግን መታሸት የሌለበት እግር አለ፤ ይህንንም አስረግጬ እናገራለሁ። ተሰበረ ተብሎ የተጠረጠረ፣ የቆሰለ፣ ቀልቶና ግሎ ያበጠ እግር አይታሽም። የአንዱ ባት ብቻ ድንገት አብጦ ካመመ በውስጡ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል፣ ደሙ በእሽት ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ሰው ይገድላል። የስኳር ሕመም ያለበትና እግሩ የደነዘዘ ሰውም ሲጎዳ አይሰማውምና ሐኪሙን ሳይጠይቅ እግሩን ለማንም አይስጥ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ለክረምት ዕረፍት ወደ አገሬ ሄድሁ። አገሬ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ያለ ገጠር ነው። በእኛ ዘንድ ውስጥ እግሩን የበላው ሰው «መንገድ አለብኝ» ይላል። መንገደኛ ሲመሽበት ደግሞ ከቤት ገብቶ አረፍ ሲል ከምግቡ በፊት የሚቀርብለት ውሃ ነው። የቤቱ ልጅ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርቦ ከእንግዳው ፊት በርከክ ይልና ከጉልበቱ ጀምሮ ባቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣ ተረከዙን፣ በየጣቶቹ መካከል ሳይቀር እያሸ ያጥበዋል። ሲጨርስም እግሩን ይስማል፤ እንግዳውም «እደግ፣ ተመንደግ» ብሎ ይመርቃል። እኔም በልጅነቴ ስንቱን እግር አጥቤአለሁ! ያኔ ግን ዶርም ውስጥ ከካርታ ላይ የተማርሁትን ሥራ እየሠራሁ መሆኔን ማን ይነግረኛል? ወጌሻዎቻችንም እንዲሁ ናቸው። የተሰበረ አጥንት ሲያበጁ አንዳንድ ጊዜ ቢሳሳቱም፣ የዞረ ጅማትና የደከመ ጡንቻ ማሸቱን ያውቁበታል። የእግር ኳስ ቡድኖቻችን ሜዳ ውስጥ ሮጦ ገብቶ ተጫዋቹን የሚያነሣውን ሰው ዛሬም «ወጌሻ» ብለው መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በጸሎተ ሐሙስም ካህናቱ የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ማን ያላየ አለ?

ባህላችንን ሳመሰግን ግን አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። በቤታችን የእንግዳው እግርና የአባወራው እግር ይታጠባል፤ ውሃውን ከምንጭ በጀርባዋ አዝላ ያመጣችው፣ ያሞቀችውም ሴት እግሯን የሚያጥብላት የለም። በዚያ ክረምት ነበር ይህን ነገር መጀመሪያ ያስተዋልሁት፤ ያስተዋልሁትም በአክስቴ ምክንያት ነው።

አክስቴ ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ ግራ እግራቸው ያበጠ ነው። ቀሚሳቸው ሁልጊዜ መሬት ይጠርጋል፤ እኛ ልጆቹ እንደ ልማድ ቆጥረነው ነበር። ያን ቀን ማታ ለቤተሰቡ ስለ እሽት ብዙ ካወራሁ በኋላ «አክስቴ፣ እስቲ እግርዎን ያምጡ» ብላቸው እግራቸውን ከቀሚሳቸው በታች ሰበሰቡና «ተው ልጄ፤ ይህ እግር ሰው የሚነካው አይደለም» አሉኝ። በስንት ልመና አሳዩኝ። ካርታውን ከኪሴ አውጥቼ ነበር። የአክስቴ ውስጥ እግር ግን አብጦ፣ ቆዳው ተሸብሽቦና እንደ ድንጋይ ጓጉሎ፣ በየጣቶቹ መካከል ተሰነጣጥቆ ነበርና ካርታው የሚያርፍበት ቦታ አልነበረውም። ወረቀቱን መልሼ አጠፍሁት።

በሽታው በእኛ አገር «ዝሆኔ» የሚባለው ነው። በቆላ አገር በትንኝ የሚተላለፍ ትል የሚያመጣው ዝሆኔ አለ፤ በደጋው ጎጃም የምናየው ግን ከዚያ የተለየ ነው። ምክንያቱን የደረሱበት ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆኑ፣ በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠሩ በሕመምተኞቹ እግር ውስጥ ደቃቅ የአፈር ማዕድን አግኝተዋል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን ቀይ አፈር ዘመኑን ሁሉ በባዶ እግሩ የሚረግጥ ሰው፣ ደቃቁ ማዕድን በቆዳው ይገባና ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ ወደ ላይ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣቸዋል፤ ቧንቧዎቹ ይዘጋሉ፤ ፈሳሹም እግር ውስጥ ይቀራል። ሁሉንም ሰው የማይዘው፣ በዘር ተጋላጭ የሆኑ ስላሉ መሆኑ በ2012 በታተመ ጥናት ታውቋል። ስለዚህ አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በ2012 በወጣ ሌላ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሰዎች ከመቶው 3.3 ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ይህም ማለት ከሠላሳ ሰው አንዱ ነው።

የእግሩ ሕመም ብቻውን አይመጣም። ማኅበር ላይ አብሮ መቀመጥ፣ ከዚያ ቤት ልጅ ማግባት፣ ሁሉም ይከለከላል። በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ አንድ ጥናት የድብርት ምልክት ከሕመምተኞቹ ከመቶው በ12.6 ላይ ሲያገኝ፣ ከጤነኞቹ ጎረቤቶቻቸው ግን በ0.7 ላይ ብቻ አግኝቷል። ካርታው ላይ «ድብርት» ተብሎ የተሣለችውን ነጥብ ሳስብ አፈርሁ።

ደግነቱ ለዚህ እግር የተፈተነ ዘዴ አለ፤ የተፈተነውም እዚሁ በእኛ ምሥራቅ ጎጃም ነው። 696 ሕመምተኞች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን እግሩን በየቀኑ በሳሙና እንዲታጠብ፣ ቅባት እንዲቀባ፣ በፋሻ እንዲጠመጥም፣ ጣቱንና ቁርጭምጭሚቱን እንዲያንቀሳቅስ፣ ካልሲና ጫማ እንዲያደርግ ተደረገ፤ ሁለተኛው ወገን ዓመቱ እስኪያልቅ ጠበቀ። በ2018 በታተመው ውጤት፣ እግርን አግሎ፣ አቅልቶና አንቀጥቅጦ የሚያስተኛው ክፉ ሕመም በጠበቁት ላይ በዓመት ለአንድ ሰው 23.9 ጊዜ ሲመላለስ በታከሙት ላይ ወደ 19.4 ወርዷል። ብዙ አይመስልም። ነገር ግን በዓመት አራት ጊዜ ተኩል ያህል ከመተኛት መዳን፣ ያውም በአጨዳ ወራት ቢሆን፣ ለገበሬ ቤት ምን ማለት እንደ ሆነ የገጠር ልጅ የሆነ ያውቀዋል። ይህን እግር ግን እንደ ጓደኛ እግር አጥብቆ መጫን ክልክል ነው። እጅ ለስላሳ፣ አቅጣጫውም ወደ ላይ መሆን አለበት፤ ክፉው ሕመም በተነሣበት ሰሞን ደግሞ ጨርሶ አይታሽም፤ ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው እንጂ።

በማግስቱ ወደ ጤና ኬላ ሄጄ ጠየቅሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም መጥታ አሳየችን። ማታ ማታ ሳፋውን የማቀርበው እኔ ሆንሁ። በመጀመሪያው ሳምንት አክስቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር የሚታጠቡት። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ዘፍዝፈን፣ በየጣቶቹ መካከል በንጹሕ ጨርቅ አድርቀን፣ ቫዝሊን ቀብተን፣ ከጣቶቹ ጀምረን ወደ ላይ እንጠመጥማለን። ከዚያም ጣቶቻቸውን ሃያ ሃያ ጊዜ ያጥፋሉ ይዘረጋሉ፤ ሲቆጥሩ ደግሞ ይሳሳታሉ፤ እኔም ከአንድ አስጀምራቸዋለሁ። ሽታው በሁለት ሳምንት ጠፋ። እብጠቱ ጥቂት ጎደለ እንጂ አልጠፋም፤ ይጠፋል ብሎ የነገረንም የለም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ግን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው እየተጨዋወቱ ይታጠቡ ነበር።

አሁን የቀረን ጫማ ነው። በገበያ ያለው ጫማ አክስቴን አይገባቸውም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ልመለስ ስል የሁለቱንም እግራቸውን ልክ በሲባጎ ወሰድሁ፤ የግራው ዙሪያ ከቀኙ አራት ጣት ያህል ይበልጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ ያገኘሁት ጫማ ሰፊ ሲባጎውን ሁለት ጊዜ ለካና «ይህ ልክ ነው? አልተሳሳትህም?» አለኝ። አለመሳሳቴን ነገርሁት። ሰፊ አፍ ያለው፣ በገመድ የሚላላና የሚጠብቅ እንዲሆን ተስማማን፤ ግማሹን ከፍያለሁ፤ ቀሪውን ለጥምቀት ስሄድ እከፍላለሁ። አክስቴ ቀለሙ ጥቁር እንዲሆን ነው ያዘዙት።